የእነ አንደሾን ሽሮ

ስዊድን አገር ሰው መጽሐፍ ይበላል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አትሳቁ። እኔ አምኜ ነበር። አጎቴ ጋሽ ዘውዴማ አምነው፣ ለምን እንደሚበላም አስረድተውኛል።

ያኔ ሄምሸንስት እሠራለሁ። ሄምሸንስት ማለት አቅም ያነሳቸው አዛውንት ቤት እየዞሩ ምሳ ማሞቅ፣ መድኃኒት ማስታወስ፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ከሁሉም በላይ ግን ወሬ መስማት ነው። ሄሰልቢ በሚባለው የስቶክሆልም ሰፈር ብሪታ የሚባሉ ሴትዮ ነበሩኝ። ስዊድኖች ትልቁንም ትንሹንም “አንተ” “አንቺ” ነው የሚሉት። እኔም በስዊድንኛ “አንቺ” እላቸው ነበር። በአማርኛ ሳወራችሁ ግን ምላሴ እምቢ ስላለኝ “እሳቸው” ልበል።

ብሪታ ወደ ደቡብ ያለ ገጠር ነው የተወለዱት። አንድ ቀን መስኮት ላይ ተቀምጠው የሚረግፈውን ቅጠል እያዩ፣ ልጅ ሳሉ በጦርነቱ ዘመን ጫካ ሄደው ቡክ እየለቀሙ ይበሉ እንደነበር አጫወቱኝ። እንዴት እንደሚጣፍጥም ነገሩኝ። እንግዲህ ቡክ በስዊድንኛ መጽሐፍ ነው። እኔ ሌላ ቡክ አላውቅም። ልጠይቅ አልኩና ተውኩት። ሰው የተራበበትን ዘመን ሲያወራ “ስንት ገጽ በላችሁ?” ይባላል እንዴ?

ማታ ቴንስታ ቤቴ ገብቼ ለጋሽ ዘውዴ ነገርኳቸው። ጋሽ ዘውዴ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። በዚህ ዓለም ላይ የማያስረዱት ነገር የለም። መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉና “ምን ይገርማል? ወረቀት ከምን ይሠራል? ከእንጨት። እንጨት ምንድን ነው? ተክል። እንግዲህ መጽሐፍ ማለት በደንብ የደረቀ ጎመን ማለት ነው” አሉ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አስተማሪ ሲናገር ራስ መነቅነቅ ከልጅነት የቀረ ልማዴ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት አላስችል ብሎኝ ብሪታን “ለመሆኑ የትኛውን መጽሐፍ ነበር የምትበሉት?” አልኳቸው። ሴትዮዋ ሳቁ። ሳቁ ብቻ ሳይሆን የመስሚያ መሣሪያቸው ወልቆ ሾርባው ውስጥ ገባ። ለካ ቡክ የዛፍም ስም ነው! ግንዱ እንደ ዝሆን እግር ግራጫ የሆነ ትልቅ ዛፍ። እነሱ ይለቅሙ የነበረው ፍሬውን ነው። ፍሬው ቡክኦሎን ይባላል። ይህን ቃል ቤት ገብቼ ስናገር እህቴ መዓዛ ለምን በሳቅ እንደፈረሰች እዚህ አልጽፍም። የቃሉ መጨረሻ በስዊድንኛ የሚያሳፍር ሌላ ትርጉም አለው፤ የስዊድን ወዳጅ ካላችሁ ጠይቁት።

ጋሽ ዘውዴ ከአዲስ አበባ ድረስ ለምን መጡ? ለሥራ። ሥራቸው ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ “እናስብበታለን” ማለት ነው። እኔና መዓዛ ቴንስታ አብረን ነው የምንኖረው። አባታችን ካረፈ ቆይቷል። መዓዛን ዩልስታ የሚኖር ሰሎሞን የሚባል የባቡር ሾፌር ወደዳት። እሷም ወደደችው። ሁለቱም ልጆች አይደሉም፤ የመዓዛ ጓደኞች እኮ ልጆቻቸውን ለትምህርት ቤት ካስመዘገቡ ቆይተዋል። እኔማ በአንድ ቀን ተፈራርመው ቢገላገሉ ደስ ባለኝ። የሰሎሞን አጎት አቶ ጌታሁን ግን “በወጉ ካልሆነ እኔ የለሁበትም” አሉ። ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ደግሞ የሚቀበለው ትልቅ ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ አጎት አስመጣን።

አጎት መጣ፤ ሻንጣው አልመጣም። ሻንጣው ውስጥ ለሽምግልናው ቀን የተዘጋጀ ሽሮ ነበር፤ ዘመድ ተሰብስቦ የለቀመው፣ ያስፈጨው። በየትኛው አገር አውሮፕላን ማረፊያ እየዞረ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀኑ ደግሞ በጽጌ ጾም ላይ ዋለ። ብዙ ሰው የማይጾመውን ይህን ጾም አቶ ጌታሁን አንድም ቀን አያስታጉሉም። ዓሣ እንኳን አይነኩም። የሱቅ ሽሮ ለሽማግሌ አይቀርብም፤ እንግዲህ ያለ አገር ቤቱ ሽሮ ምን ይቅረብ?

ጋሽ ዘውዴ ስለ ዛፉ ፍሬ የሰሙት ይህን ስናስብ ነው። በማግሥቱ ላስቲክ ከረጢት ይዘው ወጡ። ማታ ከረጢቱን ሞልተው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጭነው ተመለሱ። እዚያው ዛፉ ሥር ጥሬውን ሲበሉ ነው የዋሉት። ሆዳቸውንም ራሳቸውንም ሲያማቸው አደረ። ብሪታን ስጠይቃቸው “ጥሬውን በብዛት አይበላም! ይቆላል” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምጣድ ከምድጃ አልወረደም።

ፍሬውን ታውቁታላችሁ? ከውጭ እሾሃማ ልብስ አለው። ልብሱ አራት ቦታ ሲሰነጠቅ ውስጡ ሁለት ቡናማ ፍሬ ታገኛላችሁ። ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ጥርስ ውስጥ የሚገባ፣ እንደ ለውዝም እንደ ሱፍም የሚል ነገር። ውሃ ውስጥ ሲጨመር ባዶው ይንሳፈፋል፣ ፍሬ ያለው ይዘቅጣል። ጋሽ ዘውዴ የመታጠቢያ ገንዳችንን በዚህ ሥራ ያዙት። እኔና መዓዛ ለመታጠብ ጓደኛ ቤት መሄድ ጀመርን። ቅርፊቱ ሶፋው ሥር፣ ጫማችን ውስጥ፣ የመዓዛ ፀጉር ውስጥ ነው። የምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ዋጠ፣ ዋጠና ታንቆ ሞተ።

ጋሽ ዘውዴ ግን የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። “ዘይት አለው። ሥጋ የሚተካ ነገር አለው። ለደም ጥሩ ነው፣ ለአጥንት ጥሩ ነው። ስዊድኖች ምግባቸውን ረግጠው እያለፉ ምግብ ሊገዙ ሱቅ ይሄዳሉ። ልጄ፣ እንዲህ ያለ ሕዝብ በካርታ ላይ አይቼ አላውቅም” ይሉኛል።

“ከየት ነው የሚለቅሙት ጋሼ?” አልኳቸው አንድ ቀን።

“ከእነ አንደሾን ጋ። ትልቅ ዛፍ አላቸው። ሰፊ ግቢ ነው።”

“አይቆጡም?”

“ምን ብለው? ምንም አላሉኝም።”

እኔና መዓዛ ተያየን። ስንት ዓመት እዚህ አገር ስንኖር ስዊድን ቤት ገብተን ቡና የጠጣነው ስንቴ ነው? ጎረቤታችን እንኳን ደረጃ ላይ እኛ መኖራችንን ሲሰማ በሩን ዘግቶ እስክናልፍ ይጠብቃል። እኚህ ሰውዬ ቋንቋ ሳይችሉ፣ ሻንጣ እንኳን ሳይኖራቸው፣ ግቢ የሚያስገባ ወዳጅ አፈሩ! ሌላ ቀን ደግሞ “ዛሬ እነ ካርልሾን ጋ ዋልኩ” አሉ። “የእነሱ ፍሬ ተለቅ ተለቅ ይላል። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ናቸው።”

“ደስ ሲሉ!” አለች መዓዛ። “ስንት ዓመታቸው ነው?”

“ሚስትየው ዘጠና አልፈዋል። ባልየው ቀደም ብለው ነው... መቼስ የሰው ልጅ ነገር” አሉ።

ታመዋል ማለታቸው መሰለን። መዓዛ አዘነች። እኔም አዘንኩ። ሰው እንዲህ ሲያደርግልን ዝም ይባላል? ቅዳሜ ዕለት ድፎ ዳቦ ጋገርኩና በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ “ለእነ አንደሾንና ለእነ ካርልሾን ይስጡልኝ” አልኳቸው። ጋሽ ዘውዴ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “አንቺ ልጅ፣ የማታውቂያቸውን ሰዎች እንዲህ ታስቢያለሽ? እግዜር ይስጥሽ” አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። ለአንድ ዳቦ በዛብኝ። ማታ ሲመለሱ ዳቦው አልቋል።

“ወደዱት?” አልኩ።

“እዚያ ለሚሠራው ሰውዬ ቆርሼ ሰጠሁት። በጣም ነው የወደደው። የቀረውን ለወፎቹ።”

ሀብታም ቢሆኑ ነው አልኩ በልቤ። ሠራተኛ አላቸው ማለት ነው። ዳቦዬን ሳይቀምሱ ለሠራተኛ መስጠታቸው ግን ትንሽ ከነከነኝ። ትልቅ ሰው አይጠየቅም ብዬ ዋጥኩት።

የሽምግልናው እሑድ ደረሰ። ጋሽ ዘውዴ የቆሉትን በቡና መፍጫ ማሽን ፈጩት። ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ከቀረችው ጥቂት ሽሮ ጋር አደባለቁት። ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ በርበሬውን እኔ አቁላላሁ። ዱቄቱ ሲገባ የራሱን ዘይት አወጣ። እኔ እኮ ዘይት ጥቂት ነው ያደረግሁት! ወጡ ፈካ፣ አብረቀረቀ። መዓዛ በማንኪያ ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች። “የምን ሽሮ ነው ቢሉ ምን እንላለን?” አለችኝ። “ሽሮ ነው እንላለን” አልኳት። ማን የሽሮ ዘር ሊቆጥር ይመጣል?

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ አቶ ጌታሁን ናቸው፤ ረጅም፣ ክራባታቸው እስከ ጉሮሯቸው የተጠበቀ። ሁለተኛው አቶ ሰይድ፤ የወሎ ሰው ናቸው፣ ቴንስታ ሱቅ አላቸው፣ ስዊድን ከገቡ ጀምሮ ከአቶ ጌታሁን የማይለዩ። በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ዘውዴ “ግቡ፣ ተቀመጡ” አሉ። አቶ ጌታሁን “የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም” አሉ። ጋሽ ዘውዴ “ታዲያ ተናገሩ” አሉ። ተናገሩ። ልጃችሁን ለልጃችን። ጋሽ ዘውዴ ለረጅም ጊዜ ጣራ ጣራውን አዩ። ለዚህ ነው አውሮፕላን የተሳፈሩት። ጉሮሯቸውን ጠራርገው “እናስብበታለን” አሉ። እንዴት አማረባቸው! መዓዛ ወጥ ቤት በር ሥር ቆማ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ምሳ ቀረበ። አቶ ጌታሁን አንድ ጎረሱ። ቆም አሉ። ሁለተኛ ጎረሱ። ከዚያ ማውራት ተዉ። አቶ ሰይድም ተዉ። የሚሰማው የእንጀራ መቆረስ ብቻ ነው። ስጨምርላቸው “በቃኝ” የሚል እንኳን ጠፋ።

“ልጄ” አሉ አቶ ጌታሁን በመጨረሻ፣ ግንባራቸውን በመሐረብ እያበሱ፣ “ይህን ሽሮ ማነው የላከልሽ? እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ አልበላሁም።”

አፌን ስከፍት ጋሽ ዘውዴ ቀደሙኝ። አስተማሪ ጥያቄ ሲያገኝ ዝም ይላል? “ከዚሁ ነው!” አሉ። “የዚሁ የስቶክሆልም ፍሬ ነው። እኔ ለቅሜ፣ እኔ ፈልፍዬ፣ እኔ ቆልቼ።” ስለ ዘይቱ፣ ስለ ደሙ፣ ስለ አጥንቱ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማሩ። አቶ ጌታሁን አፋቸውን ከፍተው ሰሙ።

“ዛፉ ታዲያ የት ነው?”

“እነ አንደሾን ጋ።”

እኔም ቤታችን ከፍ እንዲል ብዬ “የጋሽ ዘውዴ ስዊድናውያን ወዳጆች ናቸው። ሰፊ ግቢ አላቸው። ሠራተኛም አላቸው” ብዬ ጨመርኩ።

“ድንቅ ነው!” አሉ አቶ ጌታሁን። ዓይናቸው ውስጥ ክብራችን ሲጨምር አየሁት። “እንግዲህ እግዚአብሔር ፈቅዶ ለሠርጉ ስንደርስ ይጠሯቸዋል።”

“እነማንን?” አሉ ጋሽ ዘውዴ።

“እነ አንደሾንን ነዋ።”

“እንዴት አድርጌ?” አሉ ጋሽ ዘውዴ፣ ከልባቸው ግራ ተጋብተው። “ከሞቱ ቆይተዋል እኮ።”

የአቶ ጌታሁን ጉርሻ አየር ላይ ቀረ።

“እና... ማን አስገብቶዎት ነው የሚለቅሙት?”

“ማን ይከለክለኛል? የመቃብር ግቢው ለሁሉም ክፍት ነው።”

እኔ እዚያው የወጡን ማንኪያ ይዤ ደረቅሁ። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን። ምንም አላሉኝም። ዳቦዬ! ጋሽ ዘውዴ ወደ እኔ ዞረው “አንቺስ ዝክር ጋግረሽ የለም እንዴ? ለማታውቂያቸው ሙታን ዳቦ የሚጋግር ሰው ዛሬ የት ይገኛል?” አሉ፣ ሊያመሰግኑኝ ፈልገው።

አቶ ጌታሁን ጉርሻውን አስቀምጠው ተነሡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። “በጾም ቀን፣ ለጋብቻ በመጣንበት ቀን፣ ከመቃብር የተለቀመ አበላችሁኝ! ሰው ላይ የበቀለ ዛፍ! ይህ ነገር ለልጁም አይበጀውም። ሰይድ፣ ተነሥ።”

አቶ ሰይድ አልተነሡም። እየበሉ ነው።

መዓዛ በር ሥር መሬት ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። እንባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ፊቷ ላይ ያየሁት ባቡር አምልጦት ሌላ ባቡር እንደሌለ ያወቀ ሰው ድካም ነው። ስንቴ መሰላችሁ የዚህች ልጅ ነገር እስከ በር ደርሶ የተመለሰው? አንዱ አገር ቀየረ፣ አንዱ እናቱ እምቢ አሉ፣ አንዱ ሚስት ኖሮት ተገኘ። አሁን ደግሞ በፍሬ! ጋሽ ዘውዴ ሶፋው ላይ ኩምሽሽ አሉ። “እኔ ጥሩ ነገር ላበላችሁ ብዬ ነው እኮ” ያሉት በትንሽ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

አቶ ሰይድ የጎረሱትን ዋጡ። “ጌታሁን” አሉ፣ “ባለፈው በጋ ልጅህን ያስመረቅንበት ጉብታ ትዝ ይልሃል? እዚህ ከቴንስታ ጀርባ፣ ሜዳው ላይ?”

“ምን አገናኘው?”

“በጉ የተጠበሰበት። አንተ ምንጣፍ አንጥፈህ የተኛህበት።”

“እና?”

“እዚያ ጋ ታቤላ አለ። እኔም ያነበብኩት በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ከሥሩ የጥንት ሰው ተቀብሯል። አንዱ ብቻ መሰለህ? ያ ሜዳ በሙሉ፣ ጉብታ ጉብታው ሁሉ መቃብር ነው። አንተ እዚያ ላይ ሥጋ በልተህ፣ እስክስታ ወርደህ፣ እንቅልፍ ተኝተሃል። ያኔ ምን ሆንክ?”

አቶ ጌታሁን አሰቡ። “ትንሽ ወገቤን አሞኝ ነበር” አሉ።

“እሱ እስክስታው ነው።”

በዚህ መሐል ያላሰብኩት ሆነ። መዓዛ ተነሥታ ሳሎን ገባች። ሙሽሪት በሽማግሌ ፊት አትወጣም። ወጣች። ቀሚሷ ላይ አንድ የቡክ ቅርፊት ተሰክቷል። “ጋሽ ጌታሁን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለች። “የመጡት እኔን ሊጠይቁ ነው ወይስ ሽሮውን? ሽሮው ከመቃብር ነው። እኔ ግን ከእነዚህ ሰዎች ነኝ። አጎቴ በዚህ ብርድ ጎንበስ ብለው የለቀሙት እናንተ ጾማችሁን ሳትገድፉ እንድትጠግቡ ነው። እሱን ካላዩ ይሂዱ።”

ጋሽ ዘውዴ መነጽራቸውን አውልቀው ያብሱ ጀመር። ንጹሕ ነበር።

አቶ ጌታሁን ቀስ ብለው ተቀመጡ። ክራባታቸውን ላላ አደረጉ። “እነዚህ እነ አንደሾን” አሉ በመጨረሻ፣ “ክርስቲያኖች ናቸው?”

“መስቀል አላቸው” አሉ ጋሽ ዘውዴ ቶሎ ብለው።

“እንግዲህ ነፍሳቸውን ይማር” አሉና አስቀምጠውት የነበረውን ጉርሻ አነሡ። “እስቲ ከድስቱ ትንሽ ጨምሪልኝ፣ ልጄ።”

ጋሽ ዘውዴ “እናስብበታለን” ያሉትን ረስተው እዚያው እሺ አሉ። ወግ ተበላሸ። ማን ግድ ሰጠው?

ሠርጉ ተደረገ። መዓዛና ሰሎሞን ዩልስታ ይኖራሉ፤ ደህና ናቸው፤ ባልና ሚስት እንደሚጣሉት ይጣላሉ። ጋሽ ዘውዴ አገራቸው ገቡ። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ከዚህ ታሪክ ትምህርት ፈልጌ “ለእንግዳ የማይታወቅ ነገር አታቅርቡ” ብዬ ልመክራችሁም ይቻለኝ ነበር። ነገር ግን አቶ ጌታሁን ትምህርቱን አበላሹብኝ።

በሚቀጥለው መከር ደወሉልኝ። “ልጄ፣ እነ አንደሾን እንዴት ናቸው?” አሉ። አቶ ሰይድን አስከትለው፣ ትልልቅ ከረጢት ይዘን ሦስታችን ሄድን። ዛፉ ሥር ስንደርስ ቅጠል እንጂ አንድ ፍሬ የለም። አቶ ጌታሁን የወደቀውን ቅጠል በእግራቸው ገለጡ፤ ከዚያ ክፉኛ ጠርጥረው ወደ እኔ ዞሩ። ቀድሜ የለቀምኩት መሰላቸው! እዚያ የሚሠራው ሰውዬ፣ ያ ዳቦዬን የበላው፣ መጥቶ አስረዳን። ይህ ዛፍ በየዓመቱ አያፈራም። አንድ ዓመት ያንን ሁሉ ያወርድና ከዚያ ለዓመታት ያርፋል። መቼ እንደሚያፈራ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው።

አቶ ጌታሁን ናትናኤል የሚባል ልጅ አላቸው። ያ በጉብታው ላይ የተመረቀው። ናትናኤል ሊዲያ ከምትባል ጨዋ ልጅ ጋር ከተዋወቀ ቆይቷል። ሽማግሌ ይላክ ሲባል አቶ ጌታሁን “የሰሎሞንን አይታችኋል፣ በዚያ ፍሬ የተጀመረው ሰመረ። ዛፉ ሳያፈራ ሽማግሌ አልልክም” ብለው ማሉ። እኚያ “ሰው ላይ የበቀለ ዛፍ” ብለው የተነሡት ሰውዬ!

አንድ መከር አለፈ። ሌላም አለፈ። ሊዲያ መስከረም በጠባ ቁጥር ትደውልልኛለች። “እትዬ ስንዱ፣ ዛፉ እንዴት ነው?” ትላለች፣ የታመመ ዘመድ እንደሚጠየቅ። እኔም ከሥራ ስወጣ ባቡር ይዤ እሄዳለሁ። አንጋጥጬ አያለሁ። ቅጠል።

ዘንድሮም ደወለች። አንጀቴን በላችኝ። “ሊዲያዬ” አልኳት፣ “አባትየው ይቅሩ። ናትናኤል ሙሉ ሰው ነው። ከወደደሽ በምስር ወጥም ይጠይቅሻል። ይህን ንገሪው።”

“ነግሬው ነበር እትዬ” አለችኝ። “አባቱማ ከአምና ጀምሮ በምስርም ይሁን ብለዋል። እሱ ነው ዛፉን እንጠብቅ የሚለው።”